ፕሮግራሙ ባይኖርስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ፕሮፌሰር ማይክል ክሬመርን አስተዋውቀን ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር ሲሆኑ የ2019ን የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከአብሂጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር ተጋርተዋል። ከባልደረቦቻቸው ጋር በምዕራብ ኬንያ፣ በቡሲያና አካባቢዋ፣ መጽሐፍ ማደል ወይም የሆድ ትል መድኃኒት መስጠት ተማሪን ምን ያህል እንደሚረዳ በዕጣ እየለዩ ለክተዋል። ከደረሱን ደብዳቤዎች የተመረጡት እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወረዳችን መጽሐፍ በብዛት የደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው ከሌሎቹ ይበልጣል። ይህ ለምን ማስረጃ አይሆንም?
የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ ከደቡብ ጎንደር

መጽሐፉ ለየትኞቹ ትምህርት ቤቶች ደረሰ? ለምንስ ለእነሱ? መጀመሪያ ይህን ያጣሩ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው መኪና ለሚገባበት፣ ብርቱ ርእሰ መምህር ላለው፣ ወላጆቹ ቢሮ ድረስ እየመጡ ለሚወተውቱ ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት መጽሐፉ ባይደርሰውም ከሌላው ይሻል ነበር። ያንኑ ትምህርት ቤት የአምናውን ከዘንድሮው ማወዳደርም አያዋጣም፤ በመሃል ፈተናው ቀሎ ወይም ዓመቱ ጥጋብ ሆኖ ልጆች ከክፍል ሳይቀሩ ከርመው ይሆናል። መመለስ ያለበት ጥያቄ «እነዚሁ ልጆች፣ በዚሁ ዓመት፣ መጽሐፉን ባያገኙ ኖሮ ስንት ያመጡ ነበር?» የሚለው ነው። ይህን በቀጥታ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ በሁሉም ነገር የሚመስላቸው ሌላ ቡድን መፈለግ ግድ ይሆናል።

ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የክሬመርና የባልደረቦቻቸው የሥዕላዊ ቻርት (መምህሩ በክፍል ውስጥ እያሳየ የሚያስተምርበት ትልቅ የሥዕል ወረቀት) ጥናት ነው። አስቀድሞ በነበረው መረጃ ቻርት ያላቸውንና የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች ሲያወዳድሩ ቻርቱ የፈተና ውጤትን እስከ 0.2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ የስርጭት መለኪያ) ከፍ ያደረገ መስሎ ታየ። ይህም የተማሪዎች ውጤት በአማካይ 50፣ ስርጭቱ ደግሞ 15 ነጥብ በሆነበት ፈተና 3 ነጥብ መጨመር ማለት ነው። ከዚያ 178 ትምህርት ቤቶች ተመዝግበው ለግማሾቹ ብቻ ቻርት ሲታደልና ሲለካ ልዩነቱ ጠፋ። ቻርቱ ያው ቻርት፣ አገሩም ያው አገር ነው። በመጀመሪያው ንጽጽር ላይ የታየው ብልጫ የቻርቱ ሳይሆን ቻርት ለመግዛት አቅምና ትጋት የነበራቸው ትምህርት ቤቶች ብልጫ ነበር። ዕጣ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የሚታየውን የመንገድ ርቀት ብቻ ሳይሆን የማይለካውን የርእሰ መምህሩን ትጋት ጭምር ለሁለቱም ወገን እኩል ያካፍላል።

የተወላጆች ማኅበራችን ለአገር ቤት ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ጽሑፋችሁን ካነበብን በኋላ ግን አመነታን።
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ማመንታታችሁ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን ማሰባሰቡን ግን አታቁሙ። በቡሲያ በ1996 ከ100 ትምህርት ቤቶች ለ25ቱ መጽሐፍ ታድሎ በአማካይ ውጤት ላይ ለውጥ አልተገኘም። የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ልጆች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ነበር፦ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ከቤት ቋንቋና ከስዋሂሊ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። ማንበብ ለማይችል ልጅ የተሰጠ መጽሐፍ ከደብተር መጠቅለያ አያልፍም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን የማይፈጅ ምርመራ አስደርጉ። ከ3ኛና ከ5ኛ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ በዕጣ 20፣ 20 ልጆች ይመረጡ። መምህሩ «ጎበዞቹን» መርጦ እንዳያመጣ ዕጣው ከስም መጥሪያው መሆኑን አጥብቃችሁ ያዙ። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው በሚማርበት ቋንቋ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ቃል፣ ከዚያ የ2ኛ ክፍል አጭር አንቀጽ። ለአንድ ልጅ 5 ደቂቃ ይበቃል። ከ5ኛ ክፍል ልጆች ግማሾቹ አንቀጹ ላይ ከተሰናከሉ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ አይደርስላቸውም። ገንዘቡ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው እየመደቡ በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ለማስተማር ቢውል ይሻላል፤ ባነርጂና ዱፍሎ በሕንድ ፕራታም ከተባለው ድርጅት ጋር ደጋግመው ፈትነው ጥሩ ውጤት ያዩት በዚህ ነው። ልጆቹ እያነበቡ መጽሐፉ ለአምስት አንድ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ግዙ፤ ያኔ እጥረቱ የእውነት የመጽሐፍ ነው።

ዕጣ አውጥቶ አንዱን ድሃ ረድቶ ሌላውን መተው በሰው ላይ መሞከር አይደለም ወይ? እኔን ይከብደኛል።
የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ

ሊከብድ ይገባል። ጥቅሙ የታወቀ ነገር፣ ለሁሉም የሚበቃ ሆኖ ሳለ፣ ለጥናት ተብሎ አንዱን መንፈግ ነውር ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ማሳለፍ የለበትም። ግን ስንት ጊዜ ለሁሉም ይበቃል? ለ1,000 ሰው የተመደበ ዕርዳታ ለ3,000 አመልካች ሲቀርብ 2,000 ሰው መቅረቱ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይቅር፣ በምን ይለይ ነው። በትውውቅ ከሚለይ በዕጣ ቢለይ ፍትሐዊ መሆኑን እቁብ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲተላለፍ የኖረውም ለዚሁ ተብሎ ነው፤ ዕጣው የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ተመዝጋቢዎች በማነጻጸር ኢኮኖሚስቶች ቤት ማግኘት በቤተሰብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማጥናት ችለዋል። ለጥናት ተብሎ የተነፈገ ሰው አልነበረም።

ሌላው መንገድ ተራ ማስያዝ ነው። ክሬመርና ባልደረባቸው ኤድዋርድ ሚጌል የትል መድኃኒቱን ያጠኑት በ75 ትምህርት ቤቶች፣ 25፣ 25 አድርገው ከፍለው ነው። አንደኛው ምድብ በ1998፣ ሁለተኛው በ1999፣ ሦስተኛው በ2001 ጀመረ። አቅሙ በአንድ ዓመት ሁሉንም ለማዳረስ ስለማይችል ወረፋ መኖሩ አይቀርም ነበር፤ ወረፋው ግን ማነጻጸሪያ ሆኖ አገለገለ። የፊደል ተራ ተይዞ በየሦስተኛው ስለተመደበ በጥብቅ አነጋገር ንጹሕ ዕጣ አልነበረም፤ ዛሬ ቢሆን በኮምፒውተር ነበር የሚወጣው።

በዶሮ እርባታ እናቶችን እንደግፋለን። 60 ቀበሌ ለይተናል፣ በጀታችን ለ30 ነው። ዕጣውን እንዴት እናውጣ? ስንት ሰው እንጠይቅ?
የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

የ60ዎቹን ቀበሌዎች ዝርዝር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ዝጉ፤ ወረዳዎቹ ይፈርሙበት። በኋላ «ይህቺ ቀበሌ ተረስታ ነበር» እየተባለ የምትጨመር ቀበሌ ሁልጊዜ የምትጨመረው ወደ ተጠቃሚዎቹ ወገን ነው፤ የምትጨመረውም ጠንካራ ሊቀመንበር ያላት ናት።

ዕጣው በቀበሌ መሆኑ ትክክል ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከጎረቤታሞች አንዷን ብትሰጡ የተሻሻለችው ዶሮ እንቁላል በሳምንቱ ለጎረቤት ተሽጦ በሀገረሰቧ ዶሮ ይታቀፋል። የክትባቱ ምክርም በቡና ላይ ይወራል፤ ፈንግል ከአንዷ ግቢ ሲጠፋ ከሌላዋም ይቀንሳል። ለእናቶቹ መልካም ነው፤ ንጽጽሩ ግን ማነጻጸሪያዋም ስለተጠቀመች ጥቅሙን አሳንሶ ያሳያል። የክሬመርና የሚጌል የትል ጥናት የታወቀው ይህንኑ በማሳየቱ ነው፤ አንዱ ልጅ ሲታከም መድኃኒት ያልወሰደው ጎረቤቱም የሚይዘው ትል ቀነሰ። ቀድመው የተደረጉ ጥናቶች ዕጣውን በልጅ ደረጃ እያወጡ ይህን ሳያዩት ቀርተው ነበር።

ቀበሌዎቹን መጀመሪያ በወረዳ፣ ከዚያ ለገበያ ባላቸው ቅርበት ከፋፍሏቸው፤ ዕጣው በየክፍሉ ውስጥ ግማሽ በግማሽ ይውጣ። እንዲህ ካልተደረገ በአጋጣሚ የመንገድ ዳር ቀበሌዎች አንድ ወገን ሊበዙ ይችላሉ፤ ለእንቁላል ሽያጭ መንገድ ማለት ብዙ ነገር ነው። በወረቀት ከሆነ እኩል ተቆርጦ፣ እኩል ታጥፎ፣ የየቀበሌው ተወካይ ባለበት ይውጣና ቃለ ጉባኤ ይያዝ። በኮምፒውተር ከሆነ ኮምፒውተሩ ዕጣውን ለማውጣት የሚነሳበት ቁጥር ይመዝገብ፤ ሌላ ሰው ሲደግመው ያንኑ ዕጣ ማግኘት አለበት። አንዴ ብቻ ይውጣ። «አላማረንም፣ ይደገም» ከተባለ ዕጣ መሆኑ ቀረ።

ቤዝላይን ዳታውን (ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሁኔታ የሚያሳየውን መረጃ) ከዕጣው በፊት ሰብስቡ፤ ዕጣው ከታወቀ በኋላ ያልደረሳት እናት መጠይቁን ለመመለስ ለምን ሁለት ሰዓት ታጠፋለች? ወቅቱንም አስቡበት። በዐቢይ ጾም የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ለፋሲካ ዶሮ ይወደዳል። ቤዝላይኑ በጾም፣ የመጨረሻው ዳታ በፍስክ ከሆነ «ገቢ ጨመረ» የሚለው ግማሹ የገበያው ነው። ሁለቱንም ዙር በአንድ ወቅት አድርጉት። በሁለቱም ወገን ቀበሌዎች የሚሄዱት መረጃ ሰብሳቢዎችም አንድ ይሁኑ።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ብዙ ጥናት የሚከሽፈው እዚህ ነው። ዕጣው በሰው ደረጃ ቢሆን የ0.2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለውጥን ከ10 ጊዜ 8ቱን ለማየት በየወገኑ 400 ሰው ያህል ያስፈልጋል። የሚጠበቀው ለውጥ በግማሽ ካነሰ የሚያስፈልገው ሰው አራት እጥፍ ይሆናል፤ 1,600 ገደማ። የእናንተ ዕጣ ግን በቀበሌ ነው፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ዝናባቸውም ገበያቸውም አንድ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። የመመሳሰሉን መጠን 0.1 እንበል። ከቀበሌ 20 እናቶች ብትጠይቁ፣ በመመሳሰሉ ምክንያት የሚያስፈልገው ሰው የሚበዛበት ማባዣ 1 + 19 × 0.1፣ ማለትም 2.9 ነው። ከ60 ቀበሌ 1,200 እናት ጠይቃችሁ የያዛችሁት የ414 ሰው ያህል መረጃ ብቻ ይሆናል። «እንግዲያው ከቀበሌ 40 እንጠይቅ» እንዳትሉ፤ ማባዣው 4.9 ይሆንና ከ2,400 እናት የሚገኘው የ490 ሰው መረጃ ነው። ድካሙ በእጥፍ አድጎ ጥቅሙ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይጨምርም። የሚያዋጣው የቀበሌዎችን ቁጥር ማብዛት ነው። ያ ካልተቻለ በ60 ቀበሌና በ20 እናት የምታዩት ለውጥ ከ0.27 ወይም ከ0.28 የማያንስ መሆኑን ከወዲሁ ለሥራ አስኪያጃችሁ ንገሩ። ያነሰ ለውጥ ቢኖርና ባታዩት «ፕሮግራሙ አልሠራም» ተብሎ እንዳይጻፍባችሁ።

በሥራው መካከል ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ዕጣ ከደረሳቸው ቀበሌዎች ጫጩት ያልደረሳቸው ይኖራሉ፤ በስሌት ጊዜ እነሱን አውጥቶ «የደረሳቸውን ብቻ» መቁጠር ያምራል። አታድርጉት። መንገዱ የተበላሸበት ቀበሌ ከወጣ የቀሩት ምቹዎቹ ናቸው፤ ዕጣው ያመጣው እኩልነት ፈረሰ። ቀበሌ ዕጣው በመደባት ወገን ትቆጠር። ሁለተኛው የሰው መጥፋት ነው፤ እናቶች ይሰደዳሉ፣ ቤት ይለውጣሉ። በቤዝላይን ጊዜ የራሷን ስልክ ብቻ ሳይሆን የሁለት ዘመዶቿንም መዝግቡ። ከአንዱ ወገን 5 በመቶ፣ ከሌላው 15 በመቶ ከጠፋ ቁጥሩ ብዙም አይታመንም።

ከሁሉ በፊት ግን ዋናው መለኪያችሁ አንድ መሆኑን ጽፋችሁ፣ ቀን አስፍራችሁ አስቀምጡ። 20 መለኪያ የሞከረ ሰው ፕሮግራሙ ምንም ባይሠራ እንኳ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ ለውጥ» ሆኖ ይወጣለታል፤ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው።

«በነጻ የተሰጠ አይከበርም» እያልን ተጠቃሚዎችን ትንሽ እናስከፍላለን። ማስረጃ አለው?
ከሐዋሳ

ለጤና መከላከያ ዕቃዎች ማስረጃው ተቃራኒውን ያሳያል። በቡሲያ የትል መድኃኒቱ በነጻ በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቹ 75 በመቶ ያህሉ ሲወስዱ፣ ወላጅ አነስተኛ ክፍያ በተጠየቀባቸው ወደ 18 በመቶ ወረደ። በጣም የታመሙት ልጆች ወላጆችም ከሌላው የበለጠ አልከፈሉም። ተመራማሪዎቹ ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ በኬንያ ለነፍሰ ጡሮች በሚሰጥ አጎበር ላይ ሲያጠኑም ዋጋው ከነጻ ወደ 60 ሳንቲም ዶላር ሲወጣ የሚወስደው ሰው በ60 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ፤ በነጻ የወሰዱት ግን ከከፈሉት ባላነሰ ይጠቀሙበት ነበር። ይህ ለጤና መከላከያ የተገኘ ነው፤ ለውኃ ፓምፕ ጥገና መዋጮ ልክ ነው ስሕተት ነው ለማለት አይበቃም።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ ያውቃል?
የማስተርስ ተማሪ፣ ከመቀሌ

አዎን፤ ብዙ ሰው የሚያምንበትን ነገር የተፈታተነም አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና የኦክስፎርዱ ስቴፋን ዴርኮን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ ሥራ አመልካቾችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ወገን በፋብሪካ ወይም በአበባና በአትክልት እርሻ ተቀጠረ፤ ሌላው 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ወጥቷል። ፋብሪካው ገቢያቸውን አልጨመረም፤ ከባድ የጤና ችግር ግን ጨመረ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ጥናቱ እዚህ ቢቆም ኖሮ መደምደሚያው «ገንዘብ ስጡ» ይሆን ነበር። አምስት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ግን በሦስቱ ወገኖች መካከል የሚለይ ነገር አልቀረም ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ የተሠራው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ግሩም አበበና ባልደረቦቻቸው ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ለአንዳንዶቹ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌሎቹ የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ከተመሰከረለት የችሎታ ፈተና ጋር ሰጡ። በመጀመሪያ ሁለቱም የሥራውን ዓይነት አሻሻሉ። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት ገቢያቸው በ20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ አንድ ነገር እንለምንዎ፤ የስድስት ወር ውጤትን «ውጤቱ» ብለው አይጻፉ፣ «የስድስት ወር ውጤት» ብለው ይጻፉ።

ባለሥልጣን ጥናት ሰምቶ ያውቃል?
ከደሴ

በ1997 የሜክሲኮ መንግሥት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚልኩ ድሃ እናቶች ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ከሐሳቡ ባለቤቶች አንዱ ሳንቲያጎ ሌቪ ነበሩ፤ ቀድሞ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር፣ ያኔ የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር። አዲስ መንግሥት የቀድሞውን ፕሮግራም እንደሚሰርዝ ስለሚያውቁ ገለልተኛ ግምገማ ከጅምሩ አብሮ እንዲሄድ አደረጉ፤ ከ506 መንደሮች 320ው ቀድመው፣ 186ቱ ዘግይተው ገቡ። በ2000 ምርጫ ሌላ ፓርቲ አሸንፎ መጣ፤ ፕሮግራሙን ስሙን ለውጦ ወደ ከተሞች አስፋፋው። ግምገማው ከፕሮግራሙ በኋላ ቢታሰብ ኖሮ ያኔ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም ነበር።

የትል መድኃኒቱ ጥናት ስሕተት ተገኝቶበታል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ በየትምህርት ቤቱ ለምን እንሰጣለን?
የጤና መኮንን፣ ከወላይታ ሶዶ

ስሕተት ተገኝቶበታል። ክሬመርና ሚጌል መረጃቸውን ራሳቸው ስለሰጡ ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሠርተው በ2015 አሳተሙት። ራቅ ባሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ታየ የተባለው ጥቅም የኮምፒውተር ስሌት ስሕተት ነበረበት፤ በታከሙት ትምህርት ቤቶች ከክፍል መቅረት በሩብ ያህል መቀነሱ ግን ከእርማቱ በኋላም ቆመ። ክርክሩ አላለቀም፤ የብዙ አገር ጥናቶችን የደመሩ ግምገማዎች አማካይ ጥቅሙን አነስተኛ አድርገው ያዩታል። በሌላ በኩል የቡሲያዎቹ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ተፈልገው፣ ለተጨማሪ ሁለትና ሦስት ዓመት መድኃኒቱን የወሰዱት ፍጆታቸው በ14 በመቶ፣ የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ በልጦ መገኘቱ በ2021 ታትሟል።

ልዩነቱ ብዙም የማያስገርመው ለምን እንደሆነ እርስዎ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በቡሲያ ከልጆቹ ከ90 በመቶ በላይ ትል ነበረባቸው። ከአሥር ልጆች ዘጠኙን ማከምና ከአሥር አንዱን ማከም አንድ ሥራ አይደለም፤ የኬንያን ቁጥር አምጥቶ ደጋ ላይ መለጠፍም አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት የአፈር ወለድ ትል ስርጭት 20 በመቶ ሲደርስ በዓመት አንዴ፣ ከ50 በመቶ ሲያልፍ ሁለቴ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያም በ2015 በትምህርት ቤት የሚሰጠውን አገር አቀፍ ዘመቻ ጀምራለች። ስለዚህ በእጅዎ መኖር ያለበት የወረዳዎ የስርጭት ቁጥር ነው፤ ለአፈር ወለድ ትልና ለቢልሃርዝያ ለየብቻ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው በአልቤንዳዞል ወይም በሜቤንዳዞል፣ ሁለተኛው በፕራዚኳንቴል ነው የሚታከመው። ፕራዚኳንቴል በሚሰጥበት ቀን ልጆቹ ቁርስ በልተው እንዲመጡ ለወላጅ ቀድመው ያስነግሩ፤ ያልበሉ ካሉ ዳቦ ይዘጋጅ። በባዶ ሆድ ወስደው ያቅለሸለሻቸውና ያዞራቸው ልጆች ቤት ገብተው ያወራሉ፤ በሚቀጥለው ዙር ወላጅ ልጁን ያስቀራል።